ወይጦ ያደርሽ ዕለት

ውድ ልጄ ሩሐማ፣

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ውሸቱ ከእውነቱ ቀድሞ ከአፌ ይወጣል። ወረቀት ላይ ለመዋሸት ግን እጄ አልለመደም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ሐዋሳ ስልጠና ላይ አልነበርኩም። ከጓደኞችሽ ጋር በመጣሽ ጊዜ ወይጦ ነበርኩ። ያደራችሁበት አልጋ ቤት ውኃ የሚቀዳው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ጂንካ መሥሪያ ቤታችን አዲስ መዋቅር ሲሠራ ለእኔ ምደባ አልተገኘም። ያቺን የድሮ ሰርተፊኬቴን ይዤ ዲግሪ ካላቸው ልጆች ጋር ተወዳድሬ ወደቅኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። «ጋሽ ተረፈ፣ ጥበቃ ላይ ክፍት ቦታ አለ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በጸሐፊነት የገባሁበትን በር ቆሜ ልጠብቅ? እምቢ አልኩ። ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ገዘር እንዳልመለስ ደግሞ፣ ታላቅ ወንድሜ መኮንን ከእርሻው ሳይወጣ እኔን ያስተማረኝ እንዲህ ሆኜ እንድመለስለት አይደለም። እናትሽ ብትኖር ቆንጥጣ ትመልሰኝ ነበር። የለችም። ቤቱን ለቅቄ፣ የሚያውቀኝ ሰው ወደሌለበት ቆላ ወረድኩ።

ወይጦ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁሉም ምሳውን በልቶ፣ ሙቀቱን ረግሞ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ወይዘሮ ያለምወርቅ አልጋ ቤታቸው ሥራ ሰጡኝ። ከቦኖ ውኃ በአህያ ጋሪ አመጣለሁ፤ መሰላል ወጥቼ የሻወሩን በርሜል እሞላለሁ፤ አመሻሽ ላይ ክፍሎቹ እንደ ምድጃ ሲግሉ አልጋዎቹን ወደ ግቢ አወጣለሁ። አንቺ ስትደውዪ «ቢሮ ነኝ» እላለሁ።

«ቦርሳችንን አዝለን ደቡብ ኦሞን ልናይ ነው፤ ጂንካ ስንደርስ ከአንድ ሰው ጋር አስተዋውቅሃለሁ» ስትዪኝ ነው ሐዋሳን የፈጠርኳት። ወይጦ ምሳ በልታችሁ ታልፋላችሁ ብዬ አሰብኩ። ግን በቀይ አፈር ከተማ በኩል ጎርፍ መንገዱን ቆረጠውና ሚኒባሳችሁ ተመልሳ እኛው ግቢ ገባች።

መጀመሪያ የወረደችው ትዕግስት እያልሽ የምትጠሪያት ልጅ ናት። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ፣ «ወይኔ፣ አየሩ እኮ ይፈጃል! እዚህ የሚኖር ሰው ምን አጥፍቶ ነው?» አለች። ሌላው ልጅ በስልኩ ከተማዋን እየቀረጸ፣ «አንድ መንገድ፣ ብዙ ፍየል፣ መብራት የሌለው ፍሪጅ» ይላል። ሁላችሁም ሳቃችሁ። አንቺም ሳቅሽ። አልተቀየምኩሽም፤ እኔም የመጣሁ ሰሞን ከዚያ የባሰ ብያለሁ። ግን የትዕግስት ጥያቄ ለእኔ የቀረበ መሰለኝና ፎጣዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወደ ጓሮ ሸሸሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም መታጠብ ፈለጋችሁ። ከእኔ ሌላ ውኃ የሚሞላ አልነበረም። ጄሪካኑን ተሸክሜ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ አንቺና ያ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ልጅ መጥታችሁ ከሻወሩ ግድግዳ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጣችሁ። ልወርድ ብል ፊት ለፊታችሁ ነው የምወርደው። ቆርቆሮው ክርኔን እያቃጠለኝ እዚያው ቀረሁ።

«ሚልክያስ» ስትዪው ስሙን ሰማሁ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «ጂንካ ስንገባ አባትሽን አገኛለሁ ብዬ ነበር» አለሽ። «እንግዲህ እሱ ሐዋሳ ከሆነ ሽማግሌ የምልከው ወዴት ነው?»

ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ። ከዚያ «ሐዋሳ አይደለም» አልሽው።

«ታዲያ የት ነው?»

«አላውቅም። ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ ቤቱንም ለቋል። ጂንካ መዘምራን ውስጥ አብራኝ የነበረች ልጅ ነግራኛለች።»

«ለምን አትጠይቂውም?»

«ብጠይቀው ያፍራል። ራሱ እስኪነግረኝ እየጠበቅኩት ነው።»

ሩሐማ፣ ጄሪካኑን ዘንበል አድርጌ እንደያዝኩ ረስቼው በርሜሉ ሞልቶ ውኃው እናንተ ላይ ፈሰሰ። ሚልክያስ ብድግ ብሎ እየሳቀ፣ «ተባረኩ አባባ፣ እሱን ነበር የፈለግነው!» አለ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። እጅሽን ግንባርሽ ላይ ጋርደሽ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች፤ ፊቴ አይታያትም ብዬ አሰብኩ።

«አባባ፣ ይጠንቀቁ፤ እንዳይወድቁ» አልሽኝ።

አፍ ከፈታሽ ጀምሮ ለእኔ «አንተ» ነው። እናትሽ ብትቆጣሽም «አባዬ የእኔ ነው፤ አንቱ አልለውም» ያልሽ ልጅ ነሽ። አሁን እንደ ባዕድ ሽማግሌ ስታከብሪኝ፣ አላወቀችኝም ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እይው፤ ልጄ ስላላወቀችኝ ያመሰገንኩ አባት ነኝ። ወርጄ «ሩሐማ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ነቀነቅኩና ለእራት እስክትሄዱ እዚያው መሰላሉ ላይ ቆየሁ።

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቦርሳዎቹን ጣሪያ ላይ እንድጭን ሲጠሩኝ «ሆዴን አሞኛል» ብዬ የለስላሳ ሣጥኖች ከሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ተደበቅኩ። የሚኒባሷ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አልወጣሁም።

ከጂንካ ስትደውዪልኝ እውነቱን ለመናገር ሌላ ዕድል ነበረኝ። «ሐዋሳ እንዴት ነው?» አልሽኝ። «ነፋሻ ነው» አልኩሽ፤ ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩንባ እየነፋ፣ ፍየሎች እየጮኹ። «ስልጠናውስ?» «ሊያልቅ ነው።» እንደምታውቂ በጆሮዬ ሰምቼ እንኳ ዋሸሁሽ። አንቺም «እሺ አባዬ» አልሽ። ስልኩን ልትዘጊ ስትዪ ደግሞ ቀስ ብለሽ፣ «ከባድ ነገር አትሸከም» አልሽኝ።

ስልጠና ላይ ላለ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ልጄ።

ስልኩን እንደያዝኩ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ለካ አውቀሽኝ ነበር። «ይጠንቀቁ» ያልሽኝ ሚልክያስ ፊት እንዳልዋረድ ነው። እኔ ፊቴን ስሸፍን አንቺ ነውሬን ሸፈንሽልኝ። ከሥራ መውጣቴ፣ ውኃ መቅዳቴ የዚህን ያህል አያሳፍረኝም። እንቅልፍ የነሳኝ አንቺ እኔን ለመሸፈን መገደድሽ ነው።

የዚያኑ ዕለት ለወይዘሮ ያለምወርቅ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ። «አንተ ተረፈ! ልጅህ ቤቴ መጥታ ሻይ እንኳ ሳልጋብዛት ሄደች! ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። ለመኮንንም ደወልኩ። በአሪኛ እስኪበቃው ሰደበኝ፤ ስድቡን አልተረጉምልሽም። ሲበርድለት፣ «እና ሽማግሌ ሲመጣ ብቻህን ልትቀበል ነበር?» አለኝ።

ስለዚህ ለሚልክያስ ንገሪው፤ ሽማግሌዎቹን ወደ ወይጦ ይላክ። ቤት የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ ከቀትር በኋላ አይገባባትም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግቢያቸውን ፈቅደዋል፤ ግራሩ ሥር ወንበር እናወጣለን። መኮንን ማር ይዞ ከገዘር ይወርዳል። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ካሉሽ «አልጋ ቤት ውኃ ይቀዳል» በያቸው። አንቺ ለመናገር ከከበደሽ ለእኔ ተዪው፤ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል፤ ማፈሩ ገና አልለቀቀኝም። ቢሆንም ተደብቄ ከማፍር አንቺ ፊት ቆሜ ባፍር ይሻለኛል።

ኮንሶ አድረው በማለዳ ይነሱ፤ ለማያውቀው ሰው ሙቀቱ ይከብዳል። አንቺም አብረሽ ነይ።

አባትሽ ተረፈ
ከወይጦ