ወደ ግራ የተገመደው ቅርጫት

ጥር 4፣ ኩማሲ፣ ጋና
ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ የደረደረችበት ቅርጫት የእኛ አገር፣ የቦልጋታንጋ ሥራ ነው። አርባ ዓመት ደብተር ያረመ ዓይን ሳያይ አያልፍም... የሣሩ ግምድ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሽንኩርቱን አስገልብጬ ታቹን አየሁ። ከመነሻው ጀምሮ ወደ ግራ። ስህተት አይደለም። የግራኝ እጅ ነው።
ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ጥር 5
በእኛ ዘንድ በግራ እጅ አይሰጥም፣ አይቀበሉም፣ ሰላምታም የለም። ልጄ አታምፖካ ግን ግራኝ ሆና ተወለደች። "የአስተማሪ ልጅ በግራ ስትጽፍ ሰው ምን ይላል?" እያልኩ እጇን ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። በማስመሪያም መታሁት። ሁልጊዜ አምስት፣ ቆጥሬ። በቀኟ ጻፈች። ቅርጫት ስትሠራ ግን በግራዋ ነበር፤ እናቷ አይታ እንዳላየች ታልፋታለች።
በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከዚሁ ከኩማሲ ቤታችን ወጣች፤ የት እንደገባች አላወቅንም። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እናቷም ሳታያት ሞተች።
ቅርጫቱ አዲስ ነው። ሣር ሣር ይሸታል። በሕይወት አለች ማለት ነው?

ጥር 8፣ ቦልጋታንጋ
ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ። አቧራ። ጉልበቴ አብጧል። ገበያው በየሦስት ቀኑ ነው፤ ነገ ይውላል። የምላትን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሦስት ነጥብ። ሁለቱን ሰበብ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሰረዝኳቸው። የቀረው፦ ይቅር በይኝ።

ጥር 9
ከቆዳ ሻጮቹ ጀምሬ በረድፍ በረድፍ ሄድኩ። ቅርጫት አነሳለሁ፣ ታቹን አያለሁ፣ አስቀምጣለሁ።
"አባባ፣ ቅርጫት ነው ዶሮ የምትገዛው?" አለች አንዷ። "ቂጡን እያየህ እንቁላል ትፈልጋለህ እንዴ?"
ገበያው ሳቀ።
አራተኛው ረድፍ ላይ አገኘሁ። ሰባት ቅርጫት፣ ሁሉም ወደ ግራ። ሻጯ ወጣት ናት፤ አሲቢ ትባላለች። ልጄ አይደለችም...
"ግራኝ ነሽ?"
"ኧረ እግዜር ያውጣኝ!"
"ታዲያ ግምዱ?"
"እንዲህ ነው የተማርነው። እትዬ አታምፖካ ናት ያስተማረችን። ጎኗ ተቀምጠን፣ እጅ እጇን እያየን። ገዢ ተንጋደደ ቢለንም አንቀይረውም።"
"የት ናት?"
ሣሩን መግመድ አቆመች።
"አልሰማህም? ወባ ነው የወሰዳት። አምና፣ ዝናቡ ሳይገባ።"
የሆነ ነገር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠችኝ።
"አንድ ቀን መትታን አታውቅም" አለች። "ልጅ ሆና አስተማሪዋ እጇን ያስረው ነበር አሉ። የእሱ እጅ ይታሰር! ምኗ ነህ አንተ?"
"የአገሯ ሰው።"
"አባቷን ታውቀው ነበር? ሞቷል ትለን ነበር።"
"አውቀው ነበር" አልኩ።

ጥር 10
አሲቢ የጠቆመችኝ መቃብሯ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን ይዤ ነበር። አላነበብኩትም። ለማን?

ጥር 12
ዛሬም ገበያ ነው። አሲቢ ጋ ሄጄ አንድ ቅርጫት መረጥኩ። ስትዘረጋልኝ በግራ እጄ ተቀበልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።
አጠገቧ ያሉት አሮጊት ጮኹ። "አንተ ሽማግሌ! ግራህን? ማነው ያሳደገህ?"
ሰው ዞሮ አየኝ። እጄን አልቀየርኩም።
"የአታምፖካ አባት ነኝ" አልኩ። "አስተማሪዋም እኔው ነኝ። እጇን ያሰርኩት።"
አሲቢ ፊቴን አየች። እጄን አየች። ቅርጫቱን ከእጄ ወስዳ ከስድስቱ ጋር መልሳ አስቀመጠችው፤ ታቹን ወደ ላይ አድርጋ።
አልሸጠችልኝም። ትክክል ናት።
እጄ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆምኩ... ከዚያ ወደ አውቶቡሱ።