ውኃ ሥር ስላለው ጥቁር ፓምፕ ለክቡር ሰብሳቢያችን

ውድ የጋዜጣ ዓምዴ አንባቢዎች፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሌሊት ልብሴ ከኩሬያችን ዳር በደረቴ ተኝቼ፣ በሾርባ ድስት ውኃ እየጨለፍሁ እዚያው መልሼ ስደፋ ፖስተኛው አየኝ። ጥቅል ሊያቀብለኝ የጓሮውን በር ገፋ አድርጎ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥቅሉን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ባርኔጣውን ነካ አድርጎልኝ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ግን መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ለዚያ ያበቃኝን ነገር ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ ያስረዳል። የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ እናንተም አብራችሁ ብታነቡት አይከፋኝም።

ለክቡር አቶ ዌንደል ሆስኪንስ
የወይን ጥላ መንደር የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ የግቢ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፍሬስኖ

ክቡር ሆይ፣

አስፋልት በሚያቀልጠው በዚህ የሐምሌ ሙቀት እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሎሬይንም፣ በግቢዎ መካከል የተተከለው የሲሚንቶ እንቁራሪትም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እንቅልፍ ከማጣት በቀር ደኅና ነን።

የሰውን አጥር ቁመት ለክተው ሳይጨርሱ እንደሚመሽብዎ ስለማውቅ ጊዜዎን አልሻማም፤ ነገሩን ግን ከሥሩ ልጀምር። በፀደይ መጨረሻ አማቴ ወይዘሮ ፉሚኮ ኦዳ ቤታቸውን ሸጠው ከእኛ ጋር ሊኖሩ ሲመጡ፣ ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና አንድ ዓሣ ነው። ዓሣዋ ኮይ ከሚባለው የጃፓን የኩሬ ጌጥ ዓሣ ዘር ናት፣ ነጭና ቀይ፤ ስሟ ኪኩ ይባላል። ከሟች ባለቤታቸው ጋር ከጣት ስታንስ ጀምሮ ያሳደጓት ስለሆነች፣ በዕድሜ ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጋር እኩያ ናት፤ በጠባይ ትበልጠዋለች። ክፍላቸውን ሳሳያቸው አማቴ አልጋውን እንኳ አላዩትም። «ለእኔ አትጨነቂ ልጄ፤ ለእሷ ውኃ ተጨነቂ» ነው ያሉኝ።

እኔም ተጨነቅሁ። ጓሮውን አስቆፈርሁ፣ ድንጋይ አስደረደርሁ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ፏፏቴ አሠራሁና ፓምፕ ፍለጋ ወጣሁ። እርስዎ ፓምፕን በቀለሙ የመምረጥ ጸጋ ስለተሰጠዎ ይህ አይገባዎትም ይሆናል፤ እኛ ተራ ሰዎች ግን እንሳሳታለን። የመጀመሪያውን የገዛሁት ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ ነው። ለካ ያ ቁጥር ውኃው ሽቅብ ሳይወጣ፣ እንዲሁ ሜዳ ላይ ሲፈስ የተለካ ኖሯል። ፓምፑ ውኃውን እየማለ እየተገዘተ እስከ ድንጋዩ ጫፍ አድርሶ፣ ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ጠብ ጠብ አደረገው። በእልህ ሁለተኛውን ገዛሁ፤ ጎርፍ የገባበትን ምድር ቤት የሚያደርቅ ጉልበተኛ። ኪኩ ከኩሬው ጥግ ተለጥፋ ቀረች። አማቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ዓሣ ነው የምታረቢው ወይስ ልብስ ነው የምታጥቢው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሦስተኛው ላይ ልብ ገዛሁ። የኩሬውን ውኃ በሰዓት አንድ ጊዜ በማጣሪያው የሚያሳልፍ፣ ጉልበቱም ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ፏፏቴው ጫፍ ላይ የሚታይ፣ ሌት ተቀን ቢሠራም መብራት እንደ ሰንጋ የማይበላ ፓምፕ ከአማቴ ጋር ሆነን መረጥን። ሳምንት ሳይሞላ ኪኩ ከእጃቸው ብርቱካን እየተቀበለች መብላት ጀመረች። ከመጡ ጀምሮ ምግብ ሲቀርብላቸው ገፋ የሚያደርጉት ሴትዮም በዚያ ቀን ሩዝ አስደገሙ። የተከበረው ደብዳቤዎ የደረሰን በማግስቱ ነው።

አንደኛ፣ ፓምፓችን ጥቁር ስለሆነ ለመንደራችን ከተፈቀዱት ቀለሞች፣ ማለትም ከስንዴ ገለባና ከበረሃ አሸዋ፣ ጋር እንደማይስማማ ስላስታወቁን ከልብ እናመሰግናለን። ፓምፑ የተቀመጠው ከወገብ በላይ በሚደርስ ውኃ ሥር፣ ከተክል በታች ነው። ካርቶኑን ከቆሻሻ ገንዳችን አንሥተው እንዳነበቡት ጎረቤት ሹክ ብሎኛል፤ ባለቤቴ ኬን ግን ጠልቀው ሳያዩት አልቀሩም ብሎ በዋና ልብስ ሊያስብዎ ሲሞክር ነው የከለከልሁት። አብራው የምትኖረው ኪኩ ስለ ቀለሙ እስካሁን ቅሬታ አላቀረበችም።

ሁለተኛ፣ የፏፏቴው ድምፅ እንቅልፍ ይነሣል በማለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት እንዲዘጋ አዘዙ። እኛ ሕግ አክባሪዎች ነንና ዘጋን። ክቡር ሆይ፣ ውኃ ሲሞቅ አየር መያዝ ያቅተዋል፤ ሲመሽ ደግሞ የኩሬው ተክሎች ራሳቸው ያችኑ ጥቂት አየር ከዓሣዋ ይሻማሉ። ያለቀውን የሚተካላት እየወደቀ የሚንቦጫረቀው ፏፏቴ ነው። ማክሰኞ ማለዳ ስንወጣ ኪኩ አፏን ከውኃው በላይ አውጥታ አየር ትለምናለች። አማቴ ጫማ ሳያደርጉ ከዳር ቆመዋል፤ እጃቸው ብርቱካኑን እንደያዘ ነው። ፓምፑን ብከፍተውም ውኃው በቱቦው ወጥቶ እስኪወርድ ልቤ አልቻለም፤ ውኃውን ከላይ እየደፋሁ ላንቦጫርቅላት ድስት ይዤ ከዳር ተኛሁ። ቀሪውን ፖስተኛው ሳይነግርዎ አይቀርም።

ኪኩ ለዚያ ቀን ተርፋለች፤ ከዚያ ወዲህም ሌሊት ሌሊት እኔና ኬን ድስት ይዘን ተራ እንገባለን። ያን ዕለት ማታ ግን የአማቴን ሻንጣ ዚፕ ሰማሁ። ዓሣዋን ይዘው ሳክራሜንቶ ያሉ እኅታቸው ዘንድ ሊሄዱ ያስባሉ፤ እዚያ ኩሬ አለ እንጂ ለእሳቸው አልጋ እንኳ የለም። ኬን በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ምን አጎደልንብሽ?» ቢላቸው «እናንተ ምንም አላጎደላችሁም። ትንፋሽ የሚፈቀድበት አገር ልሂድ ብዬ ነው» ብለው ልብሳቸውን ማጣጠፋቸውን ቀጠሉ።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው በደግነት ስለጠቆመን የተፈቀደ ፓምፕ ነው። በእርስዎ እንቁራሪት አፍ ውኃ የሚተፋው ዓይነት ትንሽዬ፣ ቀለሙም የስንዴ ገለባ። ለእንቁራሪቱ ይበቃዋል፤ እሱ አይተነፍስም። ይህንኑ ረቡዕ ዕለት መንገድ ላይ በትሕትና ባስረዳዎ፣ የውሻዎን ማሰሪያ እጅዎ ላይ እየጠቀለሉ «ይለምዳል፣ ወይዘሮ ኦዳ። ዓሣ ሁሉን ነገር ይለምዳል» አሉኝ። ምክርዎን ለአማቴ አላደረስሁም፤ በዕድሜያቸው ሰው ሲመቱ ማየት አልፈልግም።

እንግዲህ እጅ ነሥቼ አስታውቅዎታለሁ፦ ፏፏቴያችን ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይዘጋም። ፓምፑም ጥቁር እንደሆነ ይኖራል። ሐሙስ ለሚደረገው የኮሚቴው ስብሰባ አማቴን ይዤ እመጣለሁና ከፊት ረድፍ ወንበር ያስይዙልን፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ምላሳቸው ግን ደኅና ነው።

ለአጥራችን ቁመት፣ ለሣራችን ርዝመት፣ ዛሬ ደግሞ ለዓሣችን ትንፋሽ ሳይቀር በመጨነቅዎ የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ የእርስዎና የእንቁራሪትዎ ታዛዥ ጎረቤት ሆኜ እኖራለሁ።

ማርሊን ኦዳ

አንድ ነገር ረስቼ፦ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ወይዘሮ ሎሬይን እንዳጫወቱኝ፣ እንቅልፍ እንቢ ስላለዎ የተቀዳ የፏፏቴ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ከራስጌዎ አድርገዋል፤ ሌሊቱን ሙሉም ታንቦጫርቃለች። እግዜር ይባርካት። ሐሙስ ይዘዋት ይምጡ፤ እኛ ደግሞ የእኛን ቀድተን እናመጣለን፤ ኮሚቴው ሁለቱንም አድምጦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የትኛው እንደሚዘጋ ይፍረድ። ፍርዱንም፣ የአማቴ ሻንጣ ተመልሶ ቁም ሣጥን ላይ መውጣት አለመውጣቱንም ለአንባቢዎቼ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። የመሣሪያዋን ቀለም ወይዘሮ ሎሬይንን ጠይቄያቸው ነበር። ጥቁር ናት።