ለእማዬ የጋገርኩት የሩዝ ኅብስት

ውድ ወንድሜ፣

ቅስና ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮ «አባ» እና «እርስዎ» ስልህ ኖሬአለሁ። እማዬ እንኳ ያጠባችህን ልጅ አንቱ ትል ነበር። ዛሬ ግን አንተ እልሃለሁ። በአራት ዓመት እበልጥሃለሁ፣ ንፍጥህን የጠረግኩልህም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አይክበድህ።

የዱቄት ጥቅልህ ደርሶኛል። ደብዳቤህንም ሁለቴ አነበብኩት። ሐኪሙ የእማዬ በሽታ እንዳለብህ፣ ስንዴ አንጀትህን እንደሚያቆስለው ነግሮሃል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ላለው ሰው በጣም የተጣራ፣ የማይጎዳ የስንዴ ዱቄት ትፈቅዳለች አሉ፤ ጳጳሱም በአንድ ሳምንት ፈርመውልሃል። የቀረህ ጋጋሪ ብቻ ነው። «የኅብስቱ መጋገሪያ ብረት አንቺ ጋ ነው፣ እጅሽም ሥራውን ያውቀዋል» ብለሃል። ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ የጻፍክልኝ ለዚህ ነው።

በአንድ ሳምንት። እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እማዬ ስንዴ የተከለከለች ሰሞን ትዝ ይልሃል? ልብሰ ቅዳሴ በምትለብስበት ክፍል ቆመን ነበር። ምን ትቁረብ ስልህ ወይኑን ትቅመስ አልከኝ፤ አባታችንን መጠጥ ከገደለው ወዲህ ጠብታ በአፏ ላታዞር ለእግዚአብሔር መሳሏን እያወቅክ። ሌላ መንገድ የለም ወይ አልኩህ። መስታወቱ ውስጥ ኮሌታህን እያስተካከልክ «ከስንዴ ውጭ ኅብስት የለም፤ መከራዋን ለጌታ ታቅርብ» አልክ። ለጳጳሱ አንዲት መስመር አልጻፍክም፣ ማንንም አልጠየቅክም። ምናልባት ያኔ አያውቅም ነበር ብዬ ልከራከርልህ ሞክሬ ነበር። አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ዋሸሁህ። የቁምስናውን ኅብስት የምጋግረው እኔ ነበርኩ፣ ማን ያየኛል? ሩዝ አስፈጭቼ፣ በውሃ በጥብጬ፣ መስቀል የተቀረጸበት ብረት መሃል አፍስሼ ጨመቅኩት። የሩዝ ሊጥ ግትር ነው፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ስንቱን አሳርሬ፣ ጣቴን ለብልቤ፣ በመጨረሻ እጄ ለመደው። ለብቻው በትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን አድርጌ መሠዊያው ላይ አኖርኩልህ። ስንዴ አለበት ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ለዓመል ያህል አለበት አልኩህ፤ ደግመህም አልጠየቅክም። ሰባት ዓመት ሙሉ ባረክኸው። እማዬም ሰባት ዓመት ሙሉ ቆርባ፣ ፊቷ በርቶ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳያት እንባዬ ይመጣ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን መሸወዴ ደስ ይለኝ ነበር።

አልጋ ስትይዝ ግን ፈራሁ። የእኔን ውሸት ተሸክማ እንዳትሄድብኝ ብዬ ኑዛዜ ገባሁ። ያለን ቄስ አንተ ብቻ ነበርክ፤ እንደ ማንኛዋም ሴት ከመጋረጃው ወዲህ ተንበርክኬ ነገርኩህ። ንስሐ ሰጠኸኝ፣ ከኃጢአቴም ፈታኸኝ። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ራስጌ ቆመህ «ስትበይ የኖርሽው ተራ የሩዝ ቂጣ ነው፤ ከመሞትሽ በፊት አንዴ እንኳ በእውነት ቁረቢ» አልካት። የኑዛዜ ምስጢር ያወጣ ቄስ ምን እንደሚጠብቀው ካንተ የበለጠ አላውቅም። ለዱቄት ሲሆን ሕግ የማይላወስብህ ሰውዬ፣ ያን ሕግ በአንድ ሌሊት ረሳኸው። ለጳጳሱ አልከሰስኩህም። ይቅር ስላልኩህ አይምሰልህ፤ እማዬ ስምህ ሲነሳ ትኮራ ስለነበር ነው።

ከዚያም ከስንዴው ቆርሰህ አጎረስካት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አላስቆምኩህም። «አባ» ነበርካ።

አሁን ደግሞ «አንዲት ፍርፋሪ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ጣለችኝ፤ ሕመሙ ምን እንደሚመስል ብታይ» ትለኛለህ። አይቼዋለሁ። አንተ ባርከሃት ወደ ስብሰባህ ስትሄድ፣ እማዬ ስታስመልስ ሳህን የያዝኩላት እኔ ነኝ። የቀራትም ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

በሰላም አረፈች ብዬህ ነበር። እሱም ውሸት ነው። መጨረሻ ላይ እጄን ይዛ «ልጄ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ሲመጣልኝ የነበረው ማን ነው?» አለችኝ። ጌታ ነው እንዳልላት አንተ ነግረሃታል፤ ማንም አልነበረም ልላት አላስቻለኝም። መልሱን ስትጠብቅ ዓይኗ ከፊቴ ሳይነሳ ሞተች።

ከቀብሯ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንህን አልረገጥኩም። «ሃይማኖቷን ጣለች» እንደምትል እሰማለሁ። የት እንደምሄድ ከሰው ከምትሰማ እኔው ልንገርህ። ከጎማ መጋዘን በላይ ያለ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ሰባኪው ልብስ ሰፊ፣ ድምፅ ማጉያው ራስ የሚበጠብጥ። ቅዳሴው ይናፍቀኛል። ቁጭ ባልኩበት ጉልበቴ ተንበርከኪ ተንበርከኪ ይለኛል፣ እዚያ ግን የሚንበረከክ የለም። ለቁርባን የሚሆነውን ዳቦ ምእመናኑ በየተራ ከቤታቸው ያመጣሉ። ተራዬ ሲደርስ ልብስ ሰፊውን ከምን ልጋግር አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና «ቤትሽ ካለው ነዋ» አለኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዳቦውን ጋግሬ ወሰድኩ፤ ራሴ ግን እስከ ዛሬ አልቀመስኩም። ቤቴ ነው ለማለት ገና ነኝ፤ ነገ እሱንም ትቼ ሌላ ደጅ እጠና ይሆናል። የምፈልገው ለእማዬ ይመጣላት የነበረውን ነው።

ዱቄትህን እንደታሰረ መልሼልሃለሁ። ብረቱን ለጎረቤቴ ለአይስክሬም ሻጩ ሰጥቼዋለሁ፤ ብስኩት ይጋግርበታል፣ የሰፈሩ ሕፃናት መስቀሉን እየላሱ ያልፋሉ። ከፈለግክ እርገመኝ።

ከዱቄቱ ሥር የእማዬን ቆርቆሮ ሳጥን ታገኛለህ። አንዲት የሩዝ ኅብስት ቀርታለች፤ በመጨረሻው እሑድ አንተው የባረክሃት፣ ለእማዬ ቤት ይዤላት ገብቼ ሳትቀምሳት የቀረች። ሩዝ ስለሆነች አንጀትህን አትነካም። ብቻህን ስትሆን ሳጥኑን ክፈት። ተራ ቂጣ ከሆነች የቆሻሻ ቅርጫትህ ውስጥ ጣላት። እጅህ እምቢ ካለህ ግን እማዬን የዋሸሃት አንተ ነህ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መቃብሯ ድረስ ሄደህ ንገራት፣ ለእኔም ጻፍልኝ።

ታላቅ እህትህ፣
ጋጋሪዋ