ሁለት ክንድ ወደ ምሥራቅ

መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.፣ የመጻጉዕ ማግስት፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ዛሬም የማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ዋልሁ። ጾሙ አልከበደኝም፤ መቆሙ እንጂ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ መልሱ በእጄ ነው። በከባድ መሣሪያ የፈረሰው ቤቴ በነበረበት ይሠራ ዘንድ ያቀረብሁት ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ፦ የምሥራቁ ግድግዳ የመንገዱን መስመር በአንድ ሜትር ይጋፋል። ይግባኝ ለቅሬታ ሰሚው ማቅረብ ይቻላል።

ልጄ የሺ ወረቀቱን አይታ አጥፋ መለሰችልኝ። ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በግቢው ሸራ ሥር ታድራለች። ክረምት ሳይገባ ጣራ ያስፈልጋታል። እኔ ከፍርስራሹ በተረፈችው ጠባብ ዕቃ ቤት፣ ከመጻሕፍቱ ጋር። እንለዋወጥ ብላት እንቢ አለች፤ አባቷን ደጅ ማሳደር አይሆንላትም።

መጋቢት ፲፯፣ ቅዳሜ

ይግባኙን ስጽፍ ዋልሁ። ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። ለጎረቤቴ ለሐጂ ሙሔ ባነብላቸው ሣቁ። «መሪጌታ፣ ይኼ እኮ ውዳሴ ነው! ቤቴ ፈረሰ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

አሳጠርሁት። ነገሩ አንድ ነው፦ አዲስ ግንባታ አይደለም፤ ቤቱ ድሮ በቆመበት መሠረት ላይ ይቆማል። ፋይሌ በጦርነቱ ስለ ጠፋ ከሰው ምስክር በቀር ማስረጃ የለኝም። ሐጂ ሊመሰክሩልኝ ፈቀዱ።

መጋቢት ፳፮፣ ረፋድ

መሠረቱን በገመድ ለካሁ። በምዕራብ ያለው ድንጋይ አባቴ ያቆመው ነው፤ በጭቃ የተያያዘ። በምሥራቅ ግን ሲሚንቶ አየሁ። ገመዱን ይዤ ቆምሁ።

ወዮልኝ። ያን ግድግዳ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስሰግድ ግንባሬ ከአልጋው ጋር ይጋጭ ነበርና ለስግደት የሚበቃ ስፍራ ፈለግሁ። ሁለት ክንድ ወደ መንገዱ ገፋሁ። ማንንም አላስፈቀድሁም። ለጸሎት ስለሆነ ከበደል አልቆጠርሁትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። መንገዱ ያኔ የከብት መሄጃ ነበር። ዛሬ ባጃጅ የሚተላለፍበት ሆኗል።

ለሐጂ ነገርኋቸው። ረመዳን ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ያስታውሳሉ፤ ድንጋዩን ያመላለስነው አብረን ነው። «ማን ጠየቀን? ቤቱ ነበረ ወይ ካሉኝ፣ ወላሂ ነበረ!» እውነት ነው፤ ነበረ።

ደከመኝ።

መጋቢት ፳፱፣ በዓለ ወልድ

ካፊያ። ሸራው ያንጠባጥባል። ታናሺቱ ትስላለች። ከቆቦ በኩል የመጡ ሰዎች ውጊያው ዳግም ይነሣል ይላሉ። ሰው ይሠራል ወይስ ይሸሻል? ስለ ግድግዳው ለየሺ አልነገርሁም። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነው!

ሚያዝያ ፫፣ የኒቆዲሞስ ማግስት

ይግባኙ ተሰማ። ሰብሳቢዋ ትሑት ሴት ናት፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ሐጂ መሰከሩ፤ ሐሰት አልተናገሩም። ሰብሳቢዋ ብዕር አነሣች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ ቤቱ ከአባቴ ስረከበው የነበረውን ልክ እንደ ያዘ ነው ወይ? አዎን ማለት ይበቃ ነበር። የሺ ከኋላዬ ተቀምጣለች።

ስለ ግድግዳው ሁሉን ተናገርሁ።

ሰብሳቢዋ ብዕሩን አስቀመጠች። «አባታችን፣ ምነው ባይነግሩን!» ቁጣ የለባትም፤ እሷም የደከማት ትመስላለች። ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ቤቱን ወደ ውስጥ ስቤ በአዲስ ፕላን ማመልከት እችላለሁ፤ ተራው ግን ከክረምት በኋላ ነው። እስከ ውርጌሳ የፈረሰውን ቤት ሁሉ የሚለካው መሐንዲስ አንድ ነው።

ሐጂ በመንገድ ላይ፦ «እኔ በጾም አፌ ስለፋ ዋልሁ፤ አንቱ በአንድ ትንፋሽ አፈረሷት!» ልስቅ ሞከርሁ። የሺ ቀድማን ሄደች።

ሚያዝያ ፬፣ ማለዳ

የሺ አነጋገረችኝ። ድምፅዋን አላነሣችም። «አባዬ፣ ለስግደትዎ መንገድ ወሰዱ። ለእውነትዎ ደግሞ የልጆቼን ጣራ። ለእግዚአብሔር የሚሰጡት ሁልጊዜ የሰው ነው?»

 ዕድሜዬን ትርጓሜ ስማር ኖርሁ፤ ለዚህ የሚሆን አንድም ቃል አላገኘሁም።

ወስኛለሁ። ዕቃ ቤቷን ዛሬ እለቃለሁ፤ የሺና ልጆቹ ይግቡባት። መጻሕፍቱን ሐጂ ያስቀምጡልኛል፤ ዳዊትዎ ከቁርኣኔ ጋር ይጣላ እንደሆነ እናያለን ብለው ቀልደውብኛል። እኔ ወደ ቤ/ክኑ ቅጥር እወጣለሁ። የአብነት ተማሪዎቹ ከተበተኑ ወዲህ ጎጆዎቻቸው ባዶ ናቸው፤ ቢያፈስሱም ለአንድ ሽማግሌ ይበቃሉ። እንቢ እንዳትለኝ፣ ውኃ ልትቀዳ እንደ ወረደች መጻሕፍቱን ማውጣት ጀምሬአለሁ።

አዲሱንም ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ፤ ሁለት ክፍል፤ በየሺ ስም። በፕላኑ ላይ የእኔ ክፍል የለም። ማ/ቤቱ በ፪ ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ልሂድ።