የባትሪው እሳት

አስመራ፣ ዓኽርያ
ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ንጋሲ፣

መቀመጥ አልቻልኩም። ከክፍል ወጥቼ እስከ ፌርማታው እሄዳለሁ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ሳልሳፈር እመለሳለሁ። ይህንንም የምጽፈው ደብተሬን የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። በትግርኛ ብጀምረው አልዘልቀውም፤ ቤት ውስጥ ስምህ የሚነሳው በለቅሶ ብቻ ሆኗል።

የፕላስቲክ ሳፋ በምጽዋ በኩል መግባት የጀመረበትን ዓመት ታስታውሳለህ። አባታችን ከጣሊያኖች የተማረውን የቆርቆሮ ሥራ ላንተ አውርሶህ ነበር። አንተ በቀን አራት ሳፋ ስትቀጠቅጥ መርከቡ ሺህ ያራግፋል። መጀመሪያ የጃፓኑ መጣ፣ ከዚያ ከእሱም የረከሰው የቻይና። «ጃፓንና ቻይና ገበያ ሲሻሙ ዳኛ ያደረጉት እኔን ነው፤ ለሁለቱም ፈረድኩላቸው» ብለህ መዶሻህን ሰቀልክ።

የአባታችን የቆርቆሮ ሥራ ጓደኛ አያ ተመልሶ የባትሪውን ሥራ ያመጡት ያኔ ነው። የውጭ ምንዛሪ ስለሌለ አዲስ የማኪና ባትሪ አይገባም፤ እናንተ አሮጌውን እየሰበራችሁ፣ እርሳሱን አቅልጣችሁ ለባትሪ አዳሾች ትሰጡ ጀመር። ሾፌሮች ከበሩ ውጭ ተሰልፈው ይጠብቁህ ነበር። ሰው ሲጠብቅህ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አሲዱን ከአጥሩ ጀርባ ስትደፉት በለሱ ሥሩ ድረስ ደረቀ። አንተ ግን «በለስ ወተት አይጠጣማ» አልክ።

እዚያ በጢስ የሚሠራው ሁሉ እንደሚያምነው፣ ከሥራ በኋላ የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ ወተት የእርሳሱን ጢስ ከሆድ ያጥበዋል ትሉ ነበር።

ጥቅምት ላይ የኬሚስትሪ መምህራችን አቶ ደጉ ስለ እርሳስ አስተማሩን። በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ የእጅ አንጓ ያዝላል፣ ድድ ላይ ሰማያዊ መስመር ያሰምራል አሉ። በማግስቱ ምሳ ላይ ስትስቅ ድድህን አየሁት። ነገርኩህ። «መምህርህ የሚያውቁት የመጽሐፉን እርሳስ ነው፤ የእኛው ወተት ይፈራል» ብለህ ራሴን ዳበስከኝ።

ደግሜ አልተናገርኩም። ይልቁንም ከትምህርት ቤት ስመለስ ወተቱን የማመጣልህ እኔ ሆንኩ። መዶሻው ከእጅህ ሲወድቅ ባየሁ ጊዜ ሁለት ብርጭቆ አደረግኩት። ንጋሲ፣ ዝም ያልኩት አምኜህ አይደለም። ደስ ብሎህ ስለነበር ነው።

መጋቢት ላይ ስትሞት ሰው ሁሉ «ሆዱ ነው» አለ። እኔም ለእናታችን ለአደይ ምንም ሳልነግራት ከሰዎቹ ጋር አብሬ «ሆዱ ነው» አልኩ።

እሑድ፣ በአርባህ ማግስት፣ አያ ተመልሶ ቤት መጡ። እሳቱን ብቻቸውን እንዳልቻሉት ነግረው፣ ትምህርት ሲዘጋ ያንተን ቦታ እኔ እንድይዝ ጠየቁ። አደይ የልጇ ቦታ ባዶ እንዳይቀር ብላ እያለቀሰች እሺ አለች። አያ ተመልሶ ሻሂውን ያነሱት በሁለት እጃቸው ነበር።

«አያ ተመልሶ፣ ድድዎን ያሳዩኝ» አልኩ።

«ምነው፣ እንደ በቅሎ ጥርሴን አይተህ ልትገዛኝ ነው?» አሉ፤ ከንፈራቸውን ግን ገለጡት። መስመሩ እዚያው ነበር።

ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። አደይ ጠጋ ብላ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ንጋሲም ነበረው?»

«እወ።»

«ታውቅ ነበር?»

«እወ፣ አደይ።»

አያ ተመልሶ ተቆጡ። ወደ ሳፋ ቢመለሱ ማን እንደሚገዛቸው፣ ቻይና ትቀልባቸው እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ መልሴን ሳይሰሙ ወጡ። አደይ ከዚያ ቀን ጀምራ አላነጋገረችኝም። ሳህኔን ታስቀምጥልኛለች፤ ፊቷን ታዞራለች።

ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ስወጣ አያ ተመልሶ በራችን ላይ ቆመው ነበር። ወደ እሳቱ አልሄዱም። ከሰዓት ሆስፒታል እንድወስዳቸው ፈለጉ፤ ሐኪሙ ከመሀል አገር የመጣ ነው፣ የእሳቸው አማርኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። «ሁሉንም ንገርልኝ» አሉኝ። አደይ ከኋላዬ መጥታ ኖሯል። እኔን ሳታይ ለእሳቸው «እኔም እሄዳለሁ። የልጄንም ይንገረው» አለች።

አሁን ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ሁለቱም ይታዩኛል። አደይ አጠገቤ ቆማ የድድህን፣ የመዶሻውን፣ እኔ አውቄ ዝም ያልኩበትን ወራት ሁሉ እናገራለሁ። የምጀምረው ከአንተ ነው።

ወንድምህ
ኪዳኑ