ድስት የማያስቀምጡበት ድንጋይ

ጥሩዬ፣ የእኔ ሆደ ሰፊ፣

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። እዚህ ሰው አገር፣ ሮውሌት ከተማ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ልጃችን ሜሮን መንጃ ፈቃድ አወጣች። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል ብላ ጋራዡን በውሃ ጀሪካን ሞልታዋለች። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ወጥ ቤቱ ነው።

ወጥ ቤቱን ስናድስ ለካውንተሩ፣ ለምግብ መሥሪያው ጠረጴዛ፣ አንቺ የፈለግሽው ግራናይት ነበር። ድንጋይ መሸጫው ግቢ ወስጄሽ፣ ቀይ ጅማት ያለበትን ግራጫ ድንጋይ በመዳፍሽ እየዳበስሽ፣ ይሄንን የሠራው እግዜር ነው አልሽ። እኔ ደግሞ ድንጋይ ቆራጭ ነኝና አዋቂ ሆንኩብሽ። ግራናይት ዘይት ይጠጣል፣ በርበሬ ያቀልመዋል ብዬ፣ ያኔ አዲስ የመጣውን ኳርትዝ፣ የድንጋይ ዱቄት በሙጫ ተቦክቶ የሚሠራውን፣ ገጠምኩልሽ። ሙጫው ትኩስ ድስት እንደማይችል የነገርኩሽ ከገጠምኩት በኋላ ነው።

በፋሲካ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ዶሮ ወጡን አውርደሽ ካውንተሩ ላይ ልታሳርፊው ስትይ ጮኽኩብሽ። በሰው ፊት። ድንጋዩ ምንም አልሆነም፤ ፊትሽ ግን ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማስቀመጫ እስክታገኚ ድረስ፣ ጣትሽ እየተቃጠለ እንኳ፣ ድስቱን ይዘሽ ትቆሚ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዛሬ ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ስል በሽታሽ ቀደመኝ።

በለቅሶሽ ቀን ሴቶቹ ወጥ ሲሠሩ ዋሉ። የቤቱን ሕግ ማን ያውቃል? አንዷ የሚንተከተከውን ትልቅ ድስት ካውንተሩ ላይ አስቀመጠችው። አየሁ፣ ዝም አልኩ። አንቺን የነፈግኩሽን ዝምታ ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ድስቱ ሲነሳ ቢጫ ክብ ቀርቶ ነበር።

አለቃዬ እንለውጥልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ይልቅ እዚያ ድንጋይ መሸጫ ግቢ ሄጄ ድንጋይሽን ፈለግኩት። እሱ ተሸጧል፤ የሚመስለውን ቁራጭ አገኘሁ። በእጄ ቆርጬ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ ከምድጃው አጠገብ አኖርኩት። ዘይትም ጠጣ፣ በርበሬም አቀለመው። ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ምን ሊረባኝ!

ሜሮን ትኩስ ድስቷን ሳትሰጋ ታሳርፍበታለች። ለምን እንዳኖርኩት ነግሬያታለሁ፣ መጮኼንም ሳልደብቅ። ቢጫውን ክብ ግን እኔ እስካለሁ ማንም አይነካውም። ባየሁት ቁጥር ድስት ይዘሽ የቆምሽው አንቺ ትታይኛለሽ።

አሁን አሳርፊው፣ ጥሩዬ።