ይህ ትምባሆ የማን ነው?

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታናሽ እኅቴ ለዴልፊን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የዚያ የቫንኩቨር ዝናብ ራራልሽ ወይስ እንደ ልማዱ መገጣጠሚያሽን ያሠቃየዋል? የባለቤትሽ የሐሮልድ ሳልስ ለቀቀው? ልጅሽ ኢሌን፣ የልጅ ልጅሽ ትንሿ ጁን፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ታላቅ እኅትሽ ቨርና ዓይኔ ቢደክምም እጄ መስመር አልሳተም። የዘንድሮው የሐይቅ ሩዝ ያማረ ነበር፤ ታንኳችን ሁለት ጊዜ ሞልታ ተመልሳለች። ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ ያስረዘመው የልጅ ልጄ የኬያና ጉዳይ ነው፤ የምጽፍልሽም እርሷ ፈቅዳ መሆኑን ዕወቂልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለትምህርት በሄደችበት ከተማ የምታምነው ሰው እንደደፈራት ሰምተሻል። ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ የሆነውን ግን አልጻፍሁልሽም። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ከነጫማዋ ትተኛ፣ ከገበታ ርቃ በር በሩን እያየች ቆማ ትበላ ነበር። በከተማ ወደምትገኝ አንዲት አማካሪ ወሰድኋት። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ነገር ግን ጠረጴዛ በመካከል አድርጋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ብትላት የልጅቱ አፍ ተለጎመ። ሁለተኛ አልተመለሰችም።

የአጥማጁ የቴዎዶር ልጅ ማርሊን፣ አንቺ ስትሄጂ ገና ድክ ድክ ትል የነበረችው፣ ዛሬ የመንደራችን አማካሪ ናት። እኔው ነኝ ያስተማርኋት፤ «የቤት ሥራዬን ሐይቅ በላው» እያለች ታታልለኝ ነበር። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ድንኳን ተክላ፣ በእንጨት ላይ የተወጠረ የሙስ አጋዘን ቆዳ አቁማለች። የተጎዳችው ሴት በአንድ ወገን፣ ማርሊን በሌላው ወገን ሆነው ቆዳውን በአጥንት መፋቂያ ይፍቃሉ። ቆዳው ፊትን ይጋርዳል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ደግሞ አፍ በራሱ ጊዜ ይፈታል። መናገር ያልፈለገችም ፍቃ፣ የዝግባ ቅጠል ሻይዋን ጠጥታ ትሄዳለች። እናታችንና ጎረቤቶቿ ሐዘናቸውን የሚወጡት እንዲህ አልነበረምን?

እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝና ተጣደፍሁ። ትምባሆ በቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ወደ ድንኳኑ ገብቼ በማርሊን ፊት አኖርሁና «ኬያና ከሐሙስ ጀምሮ ትመጣለች» አልኋት። አንቺም እንደምታውቂው ትምባሆ የተቀበለ ሰው ለጠያቂው ቃል ገባ ማለት ነው። ማርሊን ግን እጇን አልዘረጋችም። «ቲቸር፣ ይሄ ትምባሆ የማን ነው?» አለችኝ። «የኬያና ነዋ!» ብላት «ታዲያ እጇ የታለ?» አለችኝ። አያቷ መሆኔን፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመምህርነቴ ስለ ሌሎች ልጆች እንዲሁ ስጠይቅ መኖሬን በቁጣ አስረዳኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር፣ ያ ሰውዬም እኮ ሳይጠይቃት ነው ያሻውን ያደረገው። እኛ ደግሞ ወደድንሽ ብለን ሳንጠይቃት እንወስንላት?» አለችኝ። ትምባሆዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በመንገድ ላይ የአጎታችን ልጅ አምብሮዝ አየኝ። «ቨርና ትምባሆ ይዛ ሄዳ ትምባሆ ይዛ ተመለሰች! ኧረ ሐይቁ ሳይገለበጥ አይቀርም!» ብሎ ሲጮኽ የዓሣ መረብ የሚጠግኑት ሁሉ ሳቁብኝ። በዚህ መንደር ወሬ ከሞተር ጀልባ ይቀድማል፤ ከእኔ በፊት ኬያና ጆሮ ደርሶ ነበር። ስገባ ሻንጣዋን እያዘጋጀች አገኘኋት። «አንቺም እንደሌላው ነሽ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ወደዚያ ከተማ ተመልሳ ብቻዋን ብትሆን ምን እንደምትሆን አስቤ ፈራሁ።

በሩ ላይ ቆሜ ማጥፋቴን ነገርኋት። ትምባሆውን በመስኮቷ ደፍ ላይ አኖርሁና «ያንቺ ነው፤ ሐይቅ ብትጥዪውም፣ ከነጭራሹ ብትተዪውም አልጠይቅሽም» አልኋት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ዝም አልሁ። ዴልፊን፣ ለእኔ ምላስ አሥራ አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም! ሻንጣው በር ሥር ተቀምጦ፣ እኔም በዙሪያው እየተራመድሁ ቤት ጠረግሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጧት ኬያና ሁለት ትንንሽ ቋጠሮ ይዛ ወጣች። ትምባሆውን ለሁለት ከፍላዋለች። አንዱን «ለማርሊን» አለች፤ ሁለተኛውን ወደ እኔ ዘረጋች። «አያትዬ፣ አብረሽኝ ነይ። ግን ስሚ፦ ምንም አትጠይቂኝ፤ ስናገር ደግሞ አታርሚኝ» አለችኝ። ተቀበልሁ፤ ከተቀበልሁም ታሰርሁ።

ይኸው አራተኛ ወራችን ነው። እርሷና ማርሊን በአንድ ወገን፣ እኔ በወዲያኛው ወገን ሆነን እንፍቃለን። የነገረችው የእርሷ ነውና አልጽፈውም። የአባቶቻችንን ቋንቋ ከእንግሊዝኛው እየቀላቀለች፣ ግሡን ሁሉ እያፈረሰች ትናገራለች፤ እኔ አንዱንም አላቃናሁም። እንደዚያ ያማረ ንግግርም በዕድሜዬ አልሰማሁም። መጀመሪያ ቆዳው ወፍራም ስለነበር ድምፅዋን ብቻ እሰማ ነበር፤ እየሳሳ ሲሄድ ብርሃን ገባበትና የእጇን ጥላ አየሁ። አንድ ቀን ከወዲያ ሆና «አያትዬ፣ እዛው ቦታ ላይ ሙጭጭ አልሽ እኮ፤ ልትቀድጂው ነው?» ብትለኝ ሦስታችንም እስኪያስለን ሳቅን። ዛሬ ተቀምጣ ትበላለች። ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ሻንጣዋ አልጋ ሥር ገብቷል፤ ወደ ትምህርቷ ስለ መመለስ የምትወስነው እርሷ ናት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ ከእንጨት ቆራጮቹ ሰፈር የምግብ ቤት ሥራሽ ተመልሰሽ፣ በጀልባ ማሠሪያው ላይ ቆመሽ በአንቺም ላይ የደረሰውን ልትነግሪኝ ጀመርሽ። እኔ «ፊትሽን ታጠቢና ለእራት ግቢ፤ ይህ አይወራም» አልሁሽ። በዚያው ወር ሄድሽ። ስምሽን የጠበቅሁልሽ መስሎኝ ነበር። አጥፍቻለሁ። ዝምታውን ሳልጠይቅሽ ወሰንሁልሽ።

ባለፈው ሳምንት ስላንቺ ለማርሊን ልሰጥ ትምባሆ አሰርሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ እጁ የእኔ እንጂ ያንቺ እንዳልሆነ አየሁና ተመለስሁ። በዚህ ፖስታ ውስጥ በቀይ ጨርቅ የታሰረች ቁንጥር ትምባሆ ታገኛለሽ። እርሷ የእኔ ናት፤ በራሴ እጅ ስለ ራሴ የምጠይቅባት፦ ይቅር በይኝ። መቀበል ግዴታሽ አይደለም፤ ካልፈለግሽ ለባሕሩ ስጪልኝ፣ አልቀየምሽም። ከተቀበልሽና አንድ ቀን መናገር ከፈቀድሽ ግን በቆዳው በወዲያኛው ወገን ቦታ አለኝ። አልጠይቅሽም፤ አላቋርጥሽም።

ሐሮልድን ማር በትኩስ ውኃ ይጠጣ በይልኝ። ኢሌንን በግንባሯ፣ ጁንን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። አምብሮዝ «ሰላም በይልኝ፣ የደረቀ ዓሣ እልካለሁ» ብሏል፤ እስኪልክ አትጠብቂ። ኬያና በብርቱ ሰላም ትልሻለች። ይህን ደብዳቤ እርሷ ሳታነበው እንዳልልክ ቃል ገብቼ ነበርና አንብባ ስትጨርስ «አያትዬ፣ አንድ ስሕተት አለበት» አለችኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ብለምናት «እኔም አላርምሽም» ብላ ሳቀች። እንዳለ ልኬልሻለሁ።

እኅትሽ ቨርና
ከነጭ ዓሣ ሐይቅ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተጻፈ።